የጆሮን በር ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የዘሪውን ምሳሌ ካስተማረ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ስለ መስማት አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷቸዋል። ይህንንም ማስጠንቀቂያ ሁለት ወንጌላውያን በየራሳቸው አገላለጽ ጽፈው አቈይተውልናል። ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 4 በቍጥር 24 የምንሰማው ነገር ምን እንደ ሆነ እንድናስተውል ያሳስበናል፤ ቅዱስ ሉቃስ ደግሞ በምዕራፍ 8 በቍጥር 18 የምንሰማው እንዴት እንደ ሆነ እንድናስተውል ያሳስበናል። የመጀመሪያው ስለሚነገረው ቃል ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰሚው ልብ ነው። እኛም ዛሬ በእግዚአብሔር ረዳትነት ስለነዚህ ስለ ሁለቱ እንነጋገራለን፤ በራዲዮና በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚሠራጨው ቃልና ሥዕል የሰውን እጅ እንዴት ወደ ግፍና ወደ ደም ማፍሰስ እንደሚመራ እንመለከታለን።

አስቀድመን ስለ ጆሮ ተፈጥሮ ጥቂት እናስብ። እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር ለዓይኑ ቆብ ሰጠው፤ ክፉ ነገር ሲመጣበት ይከድነዋል። ለአፉም ከንፈርና ጥርስ ሰጠው፤ ክፉ ቃል ሊወጣው ሲል ይዘጋዋል። ለጆሮው ግን ክዳን አላበጀለትም። ሌሊት ስንተኛ ዓይናችን ይከደናል እንጂ ጆሮአችን አይከደንም። ስለዚህ የጆሮ ዘበኛው ልብ ነው። ልብ የተኛ እንደ ሆነ ጆሮ በሩ የተከፈተ ቤት ይሆናል፤ ወዳጅም ሌባም እንዳሻው ይገባበታል።

አበው ሊቃውንት ሞትም ሕይወትም ወደ ዓለም የገቡት በጆሮ ነው ብለው ያስተምሩናል። እናታችን ሔዋን የእባብን ቃል ሰማች፤ ቃሉንም ሳትመረምር በልቧ አሳደረችው፤ በዚህም ሞት ገባ። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ደግሞ የመልአኩን የቅዱስ ገብርኤልን ቃል ሰማች፤ ነገር ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን አስቀድማ ጠየቀች፤ ከእግዚአብሔር መሆኑንም ባወቀች ጊዜ በትሕትና ተቀበለች፤ በዚህም ሕይወት ገባ። ልዩነቱን አስተውሉ። ሁለቱም ሰምተዋል፤ አንዲቱ ሳትመረምር ሰማች፤ ሁለተኛይቱ ግን መርምራ ሰማች። የአዳም ልጆች ሁሉ ውድቀትና የአዳም ልጆች ሁሉ መዳን በዚህ ልዩነት ላይ ቆሟል። ቤተ ክርስቲያናችንም የዚህን የብሥራት በዓል ጥንተ ቀን መጋቢት 29 ቀን ታስበዋለች።

ይህን ቀን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1994) በዚሁ በመጋቢት 29 ቀን፣ እኛ በዐቢይ ጾም ላይ ሳለን፣ በዚሁ በአህጉራችን በአፍሪካ በሩዋንዳ ምድር ታላቅ እልቂት ተጀመረ። በዋዜማው ማታ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የተሳፈሩበት አውሮፕላን ወደ ኪጋሊ ሲወርድ ተመትቶ ወደቀ። ከማግሥቱ ጀምሮ ወደ አንድ መቶ ቀን በሚያህል ጊዜ ውስጥ ከ800 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ አለቀ። የሞቱት አብዛኞቹ ቱትሲዎች ነበሩ፤ ግድያውን የተቃወሙ ሁቱዎችም አብረዋቸው ተገድለዋል። ገዳዮቹ ከሩቅ አገር የመጡ ጠላቶች አልነበሩም። በአንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ፣ ልጆቻቸውን የተጋቡ ጎረቤቶች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን መሆኑ ነው። በምዕራባውያን አቈጣጠር የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው መጋቢት 25 ቀን ነበረ፤ የክርስቶስን ትንሣኤ ባከበሩ በአራተኛው ቀን ገጀራ አነሡ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት አውሬ ሆነን? አልሆነም። አስቀድሞ የተዘራ ዘር ነበረ። ከእልቂቱ ዘጠኝ ወር በፊት፣ በሐምሌ ወር 1985 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1993) በኪጋሊ ከተማ አንድ አዲስ የራዲዮ ጣቢያ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ስሙም የሺህ ኮረብቶች ነጻ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይባል ነበር። ሩዋንዳ ኮረብታዋ የበዛ፣ ያማረች አገር ናትና ስሙ ደስ የሚያሰኝ ስም ነበረ። ጣቢያው ሲጀምር እንደ ጠላት በቍጣ አልጮኸም። የወጣቶችን ልብ የሚስብ ሙዚቃ አሰማ፤ ቀልድና ጨዋታ አመጣ፤ ተናጋሪዎቹ እንደ ጓደኛ ያጫውቱ ነበር፤ በየመንገዱ ያለው ሰው ሐሳቡን እንዲናገርበት አደረገ። የመንግሥቱ ራዲዮ ድርቅ ባለ አነጋገር ሲናገር ይህኛው ያስቅ ነበርና ሕዝቡ ወደደው። በጠላ ቤቱም በገበያውም በታክሲውም ይሰማ ጀመር።

በዚያ ሣቅ መካከል አንድ ቃል ይመላለስ ነበር። ቱትሲዎች በረሮ ተብለው ይጠሩ ነበር። ይህ ቃል በዚያች አገር ቀድሞም የነበረ ነው፤ ራዲዮው ግን በየቀኑ እየደጋገመ የዕለት እንጀራ አደረገው። ሰሚው በመጀመሪያ ቀን ሳይደነግጥ አይቀርም፤ በሁለተኛው ቀን ሣቀ፤ በሦስተኛው ቀን ራሱ መናገር ጀመረ። ቀጥሎም ራዲዮው ፍርሃትን ዘራ፤ ካልቀደማችኋቸው ይቀድሟችኋል እያለ አስተማረ። ይህ የጥንቱ የእባብ ስልት ነው። እባብም ሔዋንን ጥላቻን በግልጽ አላስተማራትም፤ የተሰወረባት ነገር እንዳለ፣ እንደ ተታለለች አድርጎ ጥርጥርን ዘራባት እንጂ። መግደሉ በተጀመረ ጊዜ ራዲዮው የሰዎችን ስም፣ የተደበቁበትን ስፍራ፣ የመኪናቸውን ቍጥር ሳይቀር ይናገር ጀመር። በየመንገዱ ኬላ የቆሙት ጐልማሶች በአንድ እጃቸው ገጀራ፣ በሌላው እጃቸው ትንሽ ራዲዮ ይዘው ይታዩ ነበር። መግደል የሚለውን ቃልም ለወጡት፤ ሥራ አሉት። እኛ በዚያ ዓመት ሰሙነ ሕማማትን በስግደት ስናሳልፍ፣ ሚያዝያ 23 ቀንም ትንሣኤውን በደስታ ስናከብር፣ ያ ጣቢያ ገና ይናገር ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ምን እንደምትሰሙ ተጠንቀቁ የሚለው የጌታችን ትምህርት ክብደቱ እዚህ ላይ ይታያል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 አትግደል የሚለውን ሕግ ሲተረጕም ከገጀራው አልጀመረም፤ ከስድቡ ጀመረ። ወንድሙን በንቀት ቃል የሚጠራ ፍርድ እንደሚጠብቀው አስተማረ። ብዙዎቻችን ይህን ስናነብ ስለ አንዲት የስድብ ቃል ይህን ያህል ፍርድ ለምን ብለን በልባችን ሳንገረም አልቀረንም። ጌታችን ግን የነገርን ሥር ያያል። ሰውን በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ መሆኑን እያሰብህ ልትገድለው እጅህ ይከብድብሃል። ስሙን ነጥቀህ የነፍሳት ስም፣ የአራዊት ስም፣ የደዌ ስም ብትሰጠው ግን መግደሉ ነፍስ ማጥፋት መስሎ አይታይህም፤ ቤት ማጽዳት ይመስልሃል። ስለዚህ ከገጀራው በፊት ስም ይቀድማል። ስሙን ያወጣ፣ ስሙን ያሠራጨ፣ በስሙም የሣቀ ሁሉ በየደረጃው ከደሙ ድርሻ አለው።

ይህ የእኛ የሰባኪዎች ነገር ብቻ አይደለም፤ የዓለም ዳኞችም ፈርደውበታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር በኑረምበርግ በተሰየመው ሸንጎ ዩልዩስ ሽትራይኸር የተባለ የጋዜጣ ባለቤት ለፍርድ ቀርቦ ነበር። ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት በጋዜጣው አይሁድን እንደ ተባይና እንደ በሽታ እየሳለ ሕዝቡን ሲያስተምር የኖረ ነው። በጥቅምት ወር 1939 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1946) በስቅላት ተቀጣ። የሩዋንዳንም ነገር ለማየት የተባበሩት መንግሥታት በታንዛንያ በአሩሻ ከተማ ፍርድ ቤት አቋቋሙ። በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2003) ያ ፍርድ ቤት በሦስት ሰዎች ላይ ፈረደ፤ ሁለቱ የራዲዮ ጣቢያው መሥራቾች ነበሩ፤ ሦስተኛው የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ በዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበረ፣ ሌላው ሕግ የተማረ ሰው ነበር። ዳኞቹም ለታሪክ መምህሩ፣ ጠመንጃም ገጀራም ሳይዝ ለብዙ ሺህ ንጹሓን ሞት ምክንያት መሆኑን ነገሩት። በኅዳር ወር 2000 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2007) ይግባኝ ሰሚው ችሎት ከክሶቹ ከፊሉን ሰርዞ ቅጣቱን ቢያቃልልም በሦስቱ ላይ የ30፣ የ32 እና የ35 ዓመት እስራት ጸንቶባቸዋል። ከዚያ ራዲዮ ተናጋሪዎች አንዱ፣ ከቤልጅግ አገር የሄደ ሰው፣ በ1992 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2000) በራሱ አንደበት ጥፋቱን አምኖ 12 ዓመት ተፈርዶበታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን፤ ቃል ከወጣ በኋላ አይመለስም፤ ባለቤቱን ግን ተከትሎ እስከ ፍርድ ወንበር ይደርሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ፤ እንዴት እንደምንሰማ እንመርምር። እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ተናጋሪዎች ስለ ሆነ አብዛኞቻችን በልባችን፣ እኛ ራዲዮ ጣቢያ የለን፣ ጋዜጣም አናወጣ፣ ይህ ነገር እኛን አይመለከትም ሳንል አልቀረንም። ነገሩ ግን ይልቁንም እኛን ይመለከታል።

ስለዚያ እልቂት የመረመሩ ሰዎች አንድ ነገር ይነግሩናል። ያ ሁሉ ደም በራዲዮ ብቻ አልፈሰሰም። የጦርነት ፍርሃት ነበረ፤ የባለሥልጣናት ትእዛዝ ነበረ፤ መሣሪያ የያዘ ወታደርና ሚሊሺያ ነበረ፤ የራዲዮው ድምፅ በቅጡ ባልደረሰበትም ስፍራ ሰው ተገድሏል። ይህ እውነት ራዲዮውን ነጻ አያወጣውም፤ ነገር ግን የዘሪውን ምሳሌ እንድናስብ ያደርገናል። ዘር ያለ መሬት አይበቅልም። በዚያች አገር ለብዙ ዘመን የታረሰ የቂም መሬት ነበረ፤ ራዲዮው ዘሩን የበተነው በዚያ መሬት ላይ ነው። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 13 እንደምናነበው ጠላት በስንዴው መካከል እንክርዳድ የዘራው ሰዎቹ ተኝተው ሳለ ነበር። ዘሪው ጠላት ነው፤ እንቅልፉ ግን የማን ነው? የእኛ የሰሚዎቹ ነው።

ሌላም ነገር አስተውሉ። እልቂቱ ሲፋፋም የዚያን ራዲዮ ድምፅ ከአየር ላይ ለማፈን ይቻል እንደ ሆነ በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ ተጠይቆ ነበር። የጦር መሥሪያ ቤቱም በሚያዝያ ወር 1986 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1994) በሰጠው አስተያየት ድምፁን የሚያፍነው አውሮፕላን ለአንድ የበረራ ሰዓት ወደ 8500 ዶላር እንደሚያስወጣ አስልቶ፣ ነገሩ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅና ጥቅሙም የሚያጠራጥር ነው ብሎ ተወው። ታላላቆቹ መንግሥታት በዚህ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቁበት ነው። ነገር ግን ያን ራዲዮ ያለ አንዲት ዶላር ለመዝጋት የሚችል አንድ ሰው በየቤቱ ነበረ። እርሱም ባለ ራዲዮው ነው። በሁለት ጣቱ ቍልፉን ቢያዞር ኖሮ በእርሱ ቤት፣ በልጆቹ ጆሮ፣ በሚስቱ ልብ ያ ጣቢያ ይዘጋ ነበር። በመጀመሪያው ወር፣ ነገሩ ገና ቀልድ በነበረ ጊዜ፣ ያን ያደረገ ጥቂት ነው። ብዙው ሣቀና አዳመጠ። ከዚያ በኋላ ግን ፍርሃቱ በረታ፤ ገጀራውም በየደጁ ደረሰ፤ ቍልፍ ማዞር ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ መጣ።

የቅዱስ ወንጌልም ታሪክ ይህንኑ ያስተምረናል። በሆሣዕና ቀን ዘንባባ ይዞ ጌታውን የተቀበለውን ሕዝብ እናስብ። ከጥቂት ቀን በኋላ በጲላጦስ አደባባይ ይሰቀል ብሎ የጮኸውንም ሕዝብ እናስብ። በመካከላቸው ምን ገባ? ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 15 በቍጥር 11 ይነግረናል፤ የካህናት አለቆች ሕዝቡን አነሣሡት። በዚያ ዘመን ራዲዮ አልነበረም፤ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ጆሮ የሚተላለፍ ሹክሹክታ ግን ነበረ፤ እርሱም በቃ። ያ ሕዝብ በርባንን ጠላሁት ወይም ኢየሱስን መርምሬ ጥፋተኛ ሆኖ አገኘሁት አላለም፤ አጠገቡ ያለው ሲጮኽ ሰማና ጮኸ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ይህ ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ አብልጦ በሕፃናት ይብሳል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ባንዱራ የተባሉ መምህር ከባልደረቦቻቸው ጋራ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን መረመሩ። አንድ ትልቅ ሰው በነፋስ የተሞላች አሻንጉሊት በመዶሻ ሲመታ፣ በእግሩም ሲረግጥ ሕፃናቱ እንዲያዩ ተደረገ። ከዚያም ከአሻንጉሊቷ ጋራ ሲተዉ ብዙዎቹ ያዩትን ያንኑ አደረጉ፤ መዶሻውን አንሥተው መቱ፤ ያ ሰው የተናገረውን ቃል ሳይቀር ደገሙት። ሌሎቹ፣ ትልቁ ሰው በዝግታ ሲጫወት ያዩት ሕፃናት፣ እንዲህ አላደረጉም። ከሁለት ዓመት በኋላም ነገሩን በፊልም ቢያሳዩአቸው ውጤቱ ያው ሆነ። በሌላ ጊዜ ደግሞ መቺው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ከመምታት ተቈጠቡ። እርግጥ ነው፤ የጦር ፊልም ያየ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይሆንም፤ ፊልም ምን ያህል እንደሚጎዳም ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኛ ግን ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር አለ፤ ሕፃን ትልቁ ያደረገውን ያደርጋል፤ የተመሰገነውን ይከተላል፤ የተነቀፈውን ይፈራል። አባት ማታ ከልጁ ጋራ ተቀምጦ፣ ይህ ክፉ ነው፣ ይህ ሰው በድሏል ብሎ ካልነገረው፣ ልጁ በስልኩና በቴሌቪዥኑ የሚያየው ግፍ ሁሉ የተመሰገነ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሩዋንዳ ሩቅ አይደለችም። በዚያው በ1986 ዓ.ም. ክረምት የአገራችን ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ወደዚያች አገር ገብተው ሰላም ለማስጠበቅ ቆመው ነበር፤ የሌላውን አገር እሳት ለማጥፋት ከሄዱት መካከል የእኛ ልጆች ነበሩ። በኋላ ግን እሳቱ በእኛም ቤት ተነሣ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት፣ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ በየስፍራው በተነሣው ሁከት ስንት ወገን እንደ ወደቀ እናንተ ራሳችሁ ታውቃላችሁ፤ ከእናንተ መካከል ጥቁር የለበሳችሁ ብዙ ናችሁ። በዚያ ዘመን አንዱ ወገን ሌላውን ምን እያለ ይጠራ እንደ ነበር አንደግመውም፤ መስማታችሁ ይበቃል። የሰውን ስም ነጥቆ የአውሬና የደዌ ስም የሰጠ ቃል በሁሉም ወገን ነበረ። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ስልክ በረረ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ወደ ገጠሩ ቀበሌ በአንዲት ደቂቃ ደረሰ።

በዚህ ጉዳይ በባዕድ አገር ላላችሁ ልጆቻችን አንድ ቃል እንናገራለን። አገር ናፋቂ ልባችሁን እናውቃለን፤ ቀን ስትደክሙ ውላችሁ ሌሊት የአገራችሁን ወሬ ለመስማት እንቅልፋችሁን ትሰዋላችሁ። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የሚወረወር እሳት ወርዋሪውን አያቃጥለውም። የተናገረው ሰው ነገ ጧት በሰላም ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ቃሉን ሰምቶ የተነሣው ወጣትና በዚያ ወጣት እጅ የወደቀው ወጣት ግን ከአንድ ቀበሌ ይቀበራሉ። ስለዚህ ሩቅ ያለ ሰው ቃሉን ከቅርቡ ይልቅ ሊመዝነው ይገባዋል።

መንግሥት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ ወሬን ለመከልከል አዋጅ ቍጥር 1185/2012ን አውጥቷል። ሕግ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ቃሉ ከተነገረ በኋላ ነው። ከቃሉ በፊት የሚደርስ ሕሊና ብቻ ነው። እኛ ካህናትና ሰባክያንም ከዚህ ወቀሳ ውጭ አይደለንም። ከአውደ ምሕረት ላይ ቆመን ጾሙ ገባ ወጣ ስንል፣ ምእመኑ ማታ ማታ ምን እንደሚሰማ ሳንጠይቅ የቀረንበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዶቻችንም ራሳችን ሰምተን ሣቅን። ይህን ስንናገር በራዲዮ መናገራችንን አልዘነጋንም። ይህ የምንናገርበት መሣሪያ ያ በረሮ የሚለውን ስድብ ያሠራጨው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ እንደ ቢላዋ ነው፤ እንጀራም ይቈረስበታል፣ ደምም ይፈስበታል።

ወገኖቼ፣ በሩዋንዳ ምዕራብ ንያንጌ የምትባል ስፍራ አለች። በዚያች ስፍራ ሁለት ነገር ሆነ፤ ሁለቱንም ስሙ። የመጀመሪያው በሚያዝያ 8 ቀን 1986 ዓ.ም. የሆነው ነው። ከ1500 የማያንሱ ቱትሲዎች ከገዳዮች ሸሽተው በንያንጌ ቤተ ክርስቲያን ተጠልለው ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በመንገድ ሥራ መኪና ተገፍቶ በላያቸው ፈረሰ። የደብሩ ካህን በዚህ ነገር ተባባሪ ሆኖ ተገኘ፤ የአሩሻውም ይግባኝ ሰሚ ችሎት በመጋቢት ወር 2000 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2008) ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ይህን የምናነሣው በሌላው ቤተ ክርስቲያን ለመፍረድ አይደለም፤ ለራሳችን ልንፈራ ነው እንጂ። ክህነት ያለ ጥበቃ ጆሮን አያድንም።

ሁለተኛው የሆነው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 9 ቀን 1989 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1997) ነው። በዚያችው በንያንጌ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ማታ ሲያጠኑ የታጠቁ ሰዎች ገቡባቸው። ሁቱዎች በአንድ ወገን፣ ቱትሲዎች በሌላው ወገን እንዲቆሙ አዘዙአቸው። እነዚህ ልጆች በእልቂቱ ጊዜ በሕይወት የነበሩ ናቸው፤ ያንን ራዲዮ ሳይሰሙ አልቀሩም። ነገር ግን ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን ብለው መለሱ፤ ለመለየትም እንቢ አሉ። ታጣቂዎቹ ተኰሱባቸው፣ ቦምብም ወረወሩባቸው፤ ከልጆቹ የሞቱ አሉ፣ የቈሰሉም ብዙ ናቸው። ሁቱ የነበረው ልጅ ወደ አንዱ ማዕዘን ጥቂት እርምጃ ቢራመድ ይድን ነበር። አልተራመደም። ያች አገር ዛሬ እነዚህን ልጆች ከጀግኖቿ ቈጥራ ታከብራቸዋለች። እንግዲህ አንድ ጆሮ የሰማውን ሁሉ እንዲታዘዝ አይገደድም። የበረሮውን ቃል የሰሙ ልጆች ቃሉን በልባቸው አላሳደሩትም። በአንዲት መንደር አንዱ ካህን ወደቀ፤ ልጆቹ ግን ቆሙ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አራት ነገር እንመክራችኋለን። የመጀመሪያው፣ አንድን ሕዝብ ወይም አንድን ወገን በአውሬ፣ በነፍሳት ወይም በደዌ ስም የሚጠራ ማናቸውንም ድምፅ በሰማችሁ ጊዜ፣ ተናጋሪው የእናንተ ወገን ቢሆንም እንኳ፣ ይልቁንም የእናንተ ወገን የሆነ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜውን ዝጉት። ቀልድ ነው አትበሉ፤ ሁሉም በቀልድ ይጀመራል። ሁለተኛው፣ ያልመረመራችሁትን ወሬ ለሌላ አታሳልፉ። እመቤታችን መልአኩን እንኳ ጠይቃ ሰምታለች፤ እኛ ከማናውቀው ሰው በስልክ የመጣውን እንዴት ሳንጠይቅ እናምናለን? ሦስተኛው፣ ልጆቻችሁን ከስክሪን ጋራ ብቻቸውን አትተዉአቸው፤ አብራችሁ ተመልከቱ፤ ክፉውን ክፉ በሉላቸው። አራተኛው፣ ወደ ንስሐ አባታችሁ ስትቀርቡ በእጃችሁ የሠራችሁትን ብቻ አትናገሩ፤ በጆሮአችሁ ሰምታችሁ የሣቃችሁበትን፣ በጣታችሁ ነክታችሁ ያሳለፋችሁትንም ተናገሩ። ቤተ ክርስቲያን ጾምን ስታውጅ ሆድ ከእህል እንዲከለከል ብቻ አላዘዘችም፤ ጆሮም ክፉ ከመስማት እንዲጾም ታዝዛለች። ከሥጋና ከቅቤ ጾሞ የወንድሙን ስድብ ሲጠጣ የሚያመሽ ሰው ጾሟል አይባልም።

በመጨረሻ ይህን አስቡ። ቃየል ወንድሙን በሜዳ ሲገድል የሰማ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ግን የአቤል ደም ከምድር ወደ እርሱ እንደሚጮኽ ተናገረ። ለዚያ ድምፅ ራዲዮ አላስፈለገውም፤ አፋኝም አይገኝለትም። ከንያንጌ ፍርስራሽ ሥር የወጣው ድምፅ፣ በአገራችንም በየሜዳው የወደቁት የወንድሞቻችንና የእኅቶቻችን ድምፅ ዛሬም ወደ ሰማይ ይደርሳል። እግዚአብሔር የሚሰማውን ድምፅ ሳንሰማ፣ እግዚአብሔር የሚጠላውን ድምፅ ስንሰማ እንዳንገኝ ልባችንን ያንቃልን።

እንደ ሔዋን ሳይሆን እንደ እመቤታችን መርምረን ሰምተን፣ የሕይወትን ቃል በልባችን አሳድረን፣ ፍሬ የምናፈራ መልካም መሬት ያድርገን። የሞቱትን ነፍሳት በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ ያዘኑትን ያጽናናልን፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።